ውሉ ላይ የተጻፈው 120 ካሬ የቱ ነው?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ገና እየተሠራ ካለ ሕንፃ ላይ አፓርታማ ልገዛ ነው። ከፊሉን በራሴ፣ ቀሪውን በባንክ ብድር። የውሉን ረቂቅ ሰጥተውኛል። ‹ግሮስ ስፋት 120 ካሬ›፣ ‹ስትራክቸሩ 60 በመቶ ተጠናቋል›፣ ‹ሲ-25 ኮንክሪት›፣ ‹ሴሚ ፊኒሽድ›፣ ‹የዋጋ ማስተካከያ›፣ ‹ጊዜያዊ ርክክብ› የሚሉ ቃላት ሞልተውበታል። የሽያጭ ሠራተኞቹ ሲያስረዱኝ እሺ እሺ እያልኩ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ አልገባኝም። ተመልሼ ለመጠየቅም አፈርኩ። በቀላል አማርኛ የሚያስረዳኝ ባለሙያ ካለ እባካችሁ።»

ማፈር የለብዎትም። በዚህ ሙያ አንድ ነገር ሁለትና ሦስት ስም አለው። ሳይት ላይ ሠራተኛው የሚጠራበት ስም ብዙውን ጊዜ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፦ ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል)፣ ፌሮ (የአርማታ ብረት)፣ ስታፋ (ብረቶቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀለበት)፣ ካሳፎርማ (አርማታ የሚሞላበት ቅርጽ)። ቢሮ ውስጥ ያንኑ ነገር በእንግሊዝኛው ይጠሩታል፦ ስላብ፣ ሪባር፣ ስተረፕ፣ ፎርምወርክ። ውሉን የሚያረቅቀው የሕግ ሰው ደግሞ ሦስተኛ ስም ያወጣለታል። ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። እኔ መጀመሪያ ሳይት ላይ፣ ከዚያም በሥራ ልኬትና በክፍያ ላይ ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬም ረቂቅ ውል ሲመጣልኝ ቀድሜ የማነበው የትርጓሜውን ክፍል ነው።

ለምን ቢሉ፣ ውሉ ውስጥ ያልተተረጎመ ቃል ክርክር የተነሳ ዕለት ሁሉም ለራሱ በሚመቸው መንገድ ይተረጉመዋል። ያን ጊዜ ቤቱም ገንዘቡም በሻጩ እጅ ነው። ስለዚህ እዚህ የማብራራልዎትን ቃል ሁሉ «ገባኝ» ብለው አይተዉት። ውሉ ውስጥ በዚያው ትርጉም መጻፉን ያረጋግጡ።

በስፋቱ ልጀምር። የብዙ ሰው ገንዘብ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

«ግሮስ ስፋት» ማለት ጠቅላላ ስፋት ነው። ችግሩ ጠቅላላው ምን ምን እንደሚያካትት አለመታወቁ ነው። አንዱ ሻጭ ከቤትዎ የውጭ ግድግዳ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለውን ብቻ ይቆጥራል። ሌላው ከደረጃው፣ ከሊፍቱ፣ ከመተላለፊያው የሚደርስዎትን ድርሻ ይጨምርበታል። በረንዳውን ሙሉ የሚቆጥር አለ፣ ግማሹን የሚቆጥርም አለ። የመኪና ማቆሚያውን ሳይቀር የሚደምር አጋጥሞኛል። «ኔት» ወይም የተጣራ ስፋት የሚባለው ደግሞ በሩን ዘግተው ሲገቡ በእግርዎ የሚረግጡት ወለል ነው። አልጋና ሶፋ የሚዘረጋው እዚያ ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። ውሉ ላይ 120 ካሬ ተጽፏል እንበል። ከዚህ ውስጥ 18 ካሬው የደረጃና የሊፍት ድርሻ ነው። 11 ካሬው በግድግዳ፣ በኮለን (በአርማታ ምሰሶ) እና በቧንቧ መውጫ ተይዟል። 6 ካሬው በረንዳ ነው። ውስጡ የሚቀርዎት 85 ካሬ ነው። በካሬ 100 ሂሳብ 12,000 ከፍለው ከሆነ፣ የምትረገጠዋን ካሬ የገዟት በ141 ነው ማለት ነው። ጎረቤት ያለው ሻጭ «በኔት 130» ቢልዎት ውድ መስሎ ይታያል። በእውነቱ የሚረክሰው ግን እሱ ነው። ሁለት ቤት ሲያወዳድሩ ሁለቱንም ወደ ኔት አውርደው ያወዳድሩ። ሌላ መንገድ የለም።

ይህ ችግር የአንድ አገር አይደለም። በእ.ኤ.አ. 2013 ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ የሙያ ማኅበራት ዓለም አቀፍ የንብረት ልኬት ደረጃ ለማውጣት ጥምረት የመሠረቱት ለዚህ ነው። ለመኖሪያ ቤት የሚሆነው ደረጃ በእ.ኤ.አ. 2016 ወጣ። ባለሙያዎቹ እንኳ እርስ በርስ ለመግባባት መጽሐፍ ካስፈለጋቸው፣ ገዢ ቢጠይቅ ነውር የለውም።

እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። ብዙ ፕላን የሚለካው ከብሎኬት እስከ ብሎኬት ነው። ልስኑ ገና አልተቆጠረም። ልስን በአንድ ወገን 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ፕላኑ ላይ 3 በ4 ሜትር የነበረ ክፍል 2.96 በ3.96 ይሆናል። ከ12 ካሬ ወደ 11.7 ወረደ ማለት ነው። ትንሽ ናት፣ ግን በየክፍሉ ትደጋገማለች። በልክ ያሠሩት ቁም ሣጥንም እዚያች ላይ አልገባ ይላል። ስለዚህ ውሉ «ከልስን እስከ ልስን» ይበል። በርክክብ ቀን ተለክቶ ከተባለው ቢያንስ ወይም ቢበልጥ ዋጋው በምን ያህል እንደሚስተካከልም ይጻፍበት። አንዲት ሴት ቤቷን ከተረከበች በኋላ አስለክታ ጉድለት አግኝታ መጣችልኝ። ውሏን አገላብጬ አየሁት። «ግምታዊ ስፋት» ይላል። ሌላ ምንም የለም። ያን ቀን ልረዳት አለመቻሌ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጂ+4፣ ጂ+7 የሚለውን ያውቁታል ብዬ አልፈዋለሁ። ምድር ቤቱ አይቆጠርምና ጂ+4 አምስት ወለል ነው። ቢ ከፊቱ ካለ ከመሬት በታች ቤዝመንት አለ ማለት ነው። ከዚህ ጋር ግን «ፋር» የሚል ቃል ቢያዩ ልብ ይበሉ። የወለሎቹ ድምር ስፋት ከቦታው ስፋት ጋር ያለው ምጣኔ ነው። ቦታው 500 ካሬ፣ ፋሩ 3 ከሆነ፣ ሁሉም ወለል ተደምሮ ከ1,500 ካሬ መብለጥ የለበትም። ሻጩ «ወደፊት ሁለት ፎቅ እንጨምራለን» ቢል ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ። ፈቃዱ ይፈቅዳል? መሠረቱስ ሲሠራ ያን ጭነት አስቦ ነው የተሠራው?

ወደ 60 በመቶው እንሂድ።

ስትራክቸር የሕንፃው አጥንት ነው። ከመሬት በታች ያለው ሰብስትራክቸር፣ ከመሬት በላይ ያለው ሱፐርስትራክቸር ይባላል። አሠራሩን ለመረዳት ክብደቱን ይከተሉት። እርስዎ የሚቆሙበት ሶሌታ ክብደትዎን ለቢም፣ ማለትም ከኮለን ኮለን ለተጋደመው የአርማታ ተሸካሚ፣ ይሰጣል። ቢሙ ለኮለን፣ ኮለኑ ለፉቲንግ፣ ፉቲንጉ ለመሬት ያስረክባል። ፉቲንግ በየኮለኑ ሥር የሚሠራ ሰፊ የአርማታ ጫማ ነው። መሬቱ ደካማ ከሆነ ወይም ሕንፃው ከባድ ከሆነ፣ በተናጠል ጫማ ፋንታ መላው ወለል አንድ ወፍራም ሰሌዳ ሆኖ ይሞላል። ያ ራፍት ይባላል። ግሬድ ቢም የምንለው ኮለኖቹን መሬት ደረጃ ላይ እርስ በርስ የሚያስተሳስረው ነው። የታችኛውን ግድግዳም ይሸከማል።

በእንዲህ ዓይነቱ ሕንፃ ብሎኬቱ አብዛኛውን ጊዜ ጭነት አይሸከምም። ክፍል ከክፍል ይለያል፣ የራሱን ክብደት ይይዛል፣ በቃ። ስለዚህ ወደፊት ሳሎኑን ለማስፋት አንድ የብሎኬት ግድግዳ ማፍረስ ይቻል ይሆናል፣ በኢንጂነር ታይቶና ፈቃድ ተገኝቶ። ኮለን፣ ቢም እና በሊፍቱ ዙሪያ ያለው የአርማታ ግድግዳ ግን በፍጹም አይነኩም። ያ ግድግዳ ሸር ዎል ይባላል። ነፋስና የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃውን ወደ ጎን ሲገፋው የሚቋቋመው እሱ ነው። ለኤሌክትሪክ ቱቦ ብለው ሲቦረቡሩት ሳይ ልቤ ይደማል።

አሁን «60 በመቶ» የሚለው። የምን 60 በመቶ? የስትራክቸሩ ነው ወይስ የሕንፃው? ከመንገድ ሲያዩት ስትራክቸሩ የወጣ ሕንፃ ያለቀ ይመስላል። ገንዘቡ ግን ገና ነው። ልስኑ፣ ወለሉ፣ በርና መስኮቱ፣ ሊፍቱ፣ የውሃና የኤሌክትሪክ መስመሩ ከአጥንቱ የበለጠ ሊፈጁ ይችላሉ። ለምሳሌ ስትራክቸሩ ከጠቅላላው ወጪ 35 በመቶ ቢሆን፣ የእሱ 60 በመቶ የሕንፃው 21 በመቶ ብቻ ነው። እርስዎ ግን ‹60 በመቶ ደርሷል› ተብለው የዋጋውን 60 በመቶ ከከፈሉ፣ ገና ያልተሠራውን ሥራ ፋይናንስ እያደረጉ ነው።

የእኔ ምክር ክፍያዎን ከፐርሰንት ጋር አያስሩት ነው። በዓይን ከሚታይ ሥራ ጋር ያያይዙት። «የ5ኛው ፎቅ ሶሌታ ሲሞላ ይህን ያህል»፣ «የቤቱ ልስን ሲያልቅ ይህን ያህል»፣ «ውሃና መብራት ገብቶ ሲሞከር ይህን ያህል»። እንዲህ ሲሆን ክርክር የለም። ወይ ተሞልቷል፣ ወይ አልተሞላም።

ሲ-25 የሚለው ብዙ ሰው የሚፈራው ቃል ነው። ነገሩ ግን ቀላል ነው፣ እኔም በጣም የምወደው ርዕስ ስለሆነ ትንሽ ይታገሱኝ።

ኮንክሪት ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውሃ ነው። ብረት ሲገባበት አርማታ እንለዋለን። ኮንክሪት ሲጫኑት ጠንካራ ነው፣ ሲጎትቱት ግን ደካማ። የመጎተት ጉልበቱ ከመጫኑ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ፌሮ የሚገባው ያን ድክመት ለመሸፈን ነው። ሁለቱ በሙቀት የሚለጠጡት በተቀራራቢ መጠን መሆኑ ደግሞ ትልቅ በረከት ነው። ባይሆን ኖሮ በሙቀት ለውጥ ይላቀቁ ነበር።

25 የሚለው ቁጥር ጥንካሬው ነው። በ28 ቀኑ እያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን ይቋቋማል ማለት ነው። በሚገባን ቋንቋ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 250 ኪሎ ገደማ ነው። ሲሞላ ከዚያው ኮንክሪት ተወስዶ 15 በ15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኪዩብ ይሠራል። ውሃ ውስጥ ተቀምጦ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በማሽን ይሰበራል። ሲ-25 ለመባል ያች ትንሽ ኪዩብ 57 ቶን ገደማ መሸከም አለባት። በ7ኛው ቀን ከጥንካሬዋ ወደ ሁለት ሦስተኛው ከደረሰች መልካም ምልክት ነው። አንዳንድ ደረጃዎች ሲ-20/25 ብለው ሁለት ቁጥር ይጽፋሉ። የመጀመሪያው በሲሊንደር፣ ሁለተኛው በኪዩብ ሲለካ ነው። ኮንክሪቱ ያው አንድ ነው።

ታዲያ ውሉ ላይ ሲ-25 ስለተጻፈ ሶሌታው ሲ-25 ይሆናል? አይሆንም። የሚወስነው ውሃው ነው። ዳፍ አብራምስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በእ.ኤ.አ. 1918 ያሳየው እውነት እስከ ዛሬ አልተሻረም። ለሲሚንቶው የሚሰጡት ውሃ በበዛ ቁጥር ጥንካሬው ይወርዳል። ሲሚንቶ ለመጠንከር የሚፈልገው ውሃ የራሱን ክብደት ሩብ ገደማ ነው። ለ50 ኪሎ ከረጢት ከ12 እስከ 13 ሊትር ማለት ነው። በዚያ ብቻ ግን ድብልቁ አይላወስም። ስለዚህ እስከ 25 ሊትር ገደማ ይጨመራል። ከዚያ በላይ የገባው ውሃ ውሎ አድሮ ይተናል፣ ቦታው ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ሳይት ላይ ማስከበር ከባድ ነው። ሙሌት የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው። ሠራተኛው ደክሟል፣ ድብልቁ ይደርቅበታል፣ አካፋ ላይ ይከብደዋል። ያን ጊዜ አንዱ ጎማውን ይዘረጋና ውሃ ይለቅበታል። ኮንክሪቱ እንደ ሾርባ ይፈሳል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። አንድ ጊዜ እንዲህ የተሞላ ሶሌታ 28 ቀን ሞልቶት ኪዩቡ ሲሰበር ከሚፈለገው በብዙ አንሶ ተገኘ። በዚያ ደረጃ ላይ ደግሞ ከላዩ ሌላ ፎቅ ተነስቷል። የማፍረስ ወይም የማጠናከር ውሳኔ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ያየ ሰው፣ ያችን አንድ ባልዲ ውሃ በቀላሉ አያይም።

ሌላው የማይታየው ነገር ውሃ ማጠጣት ነው፣ ኪውሪንግ ይሉታል። ብዙ ሰው ኮንክሪት የሚጠነክረው ስለሚደርቅ ይመስለዋል። በተቃራኒው ነው። የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ስለሚዋሃድ ነው። ቶሎ ከደረቀ ሥራው ይቆማል። ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥብ መሆን አለበት። ሳይቱን ሲጎበኙ አዲስ የተሞላ ሶሌታ በፀሐይ ነጭ ሆኖ ደርቆ ካዩ፣ ስለ ሥራው አያያዝ ከየትኛውም ብሮሹር በላይ ነግሮዎታል።

እርስዎ ኢንጂነር ስላልሆኑ ይህን ሁሉ መቆጣጠር አይጠበቅብዎትም። አንድ ነገር ግን መጠየቅ ይችላሉ፦ «የእኔን ፎቅ የኪዩብ ውጤት ላየው እችላለሁ?» ሥራውን በአግባቡ የሚሠራ ድርጅት ፋይሉን አውጥቶ ያሳያል።

ኮለኖቹንም ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ከሥሩ ጠጠሩ ተራቁቶ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ቦታ ካለ፣ ሲሞላ በደንብ አልተነቀነቀም ማለት ነው። ሃኒኮምብ ይሉታል። ፌሮ ወደ ውጭ ከታየ ደግሞ «ከቨር» የሚባለው ብረቱን የሚሸፍነው ኮንክሪት ጎድሏል። ብረት ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ገፍቶ ይጥለዋል። በልስን ቢሸፍኑት ችግሩ ከዓይን ይጠፋል እንጂ አይድንም።

ሴሚ ፊኒሽድ። በእኔ እምነት በረቂቅዎ ውስጥ በጣም አደገኛው ቃል ይህ ነው። በቁሙ ሲተረጎም «በከፊል የተጠናቀቀ» ነው። ከፊሉ የት ድረስ ነው? ለአንዱ የውጭው ሁሉ አልቆ ውስጡ ልስን ብቻ ነው። ለሌላው ልስንም የለውም። ለሦስተኛው ቀለም፣ በርና የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ አለ፣ የወጥ ቤት ካቢኔት ብቻ ይቀራል። ሼል ሲባል ባዶ ቅርፊት ነው፦ ስትራክቸር፣ የውጭ ግድግዳ፣ ምናልባት መስኮት። ተርንኪ ሲባል ቁልፍ ተቀብሎ መግባት ነው። ሴሚ ፊኒሽድ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ሜዳ ሁሉ ነው።

ስለዚህ ቃሉን ይተዉትና በየክፍሉ እየገቡ ይጠይቁ። ወለሉ ላይ ስክሪዱ (ከሴራሚኩ ሥር የሚገባው የሲሚንቶ ንጣፍ) ተሠርቷል? ኮርኒሱ ጂፕሰም ነው ወይስ ሶሌታው ተለስኖ ነው? የኤሌክትሪክ ሽቦው ተጎትቷል ወይስ ባዶ ቱቦ ብቻ ነው? የውስጥ በር አለ? መታጠቢያ ቤቱ ውሃ እንዳያሳልፍ ሆኖ ተሠርቷል? ይህ የመጨረሻው ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ ለመሥራት እጅግ ውድ ነው። መልሱ ሁሉ «ስፔስፊኬሽን» በሚባል አባሪ ላይ ይስፈርና የውሉ አካል ይሁን።

አባሪው ላይ «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል ሐረግ ይፈልጉ። «እንዲህ ዓይነት ሴራሚክ ወይም ተመጣጣኝ» ይላል። ሐረጉ በራሱ ጥፋት የለበትም። ዕቃ ከገበያ ሊጠፋ ይችላል። ጥያቄው ተመጣጣኝ መሆኑን የሚወስነው ማን ነው? ምንም ካልተጻፈ ዕቃውን የሚገዛው ይወስናል። «በገዢው የጽሑፍ ስምምነት» የምትል ቃል ጣልቃ ያስገቡበት። በስልኬ ከገዢዎች ከሚመጡልኝ ቅሬታዎች ብዙዎቹ የሚነሱት ይህች ቃል ባለመኖሯ ነው።

የዋጋ ማስተካከያ፣ ወይም ኤስካሌሽን፣ ሥራው በሂደት ላይ እያለ የዕቃ ዋጋ ሲንር የቤቱ ዋጋ አብሮ የሚጨምርበት አንቀጽ ነው። በመርህ ደረጃ አልቃወመውም። ሥራ ተቋራጭ ከስሮ ሥራ ከሚያቆም ተመጣጣኝ ጭማሪ ይሻላል። ግን ሦስት ነገር ይኑረው። አንደኛ ቀመር። ሲሚንቶ 40 በመቶ ጨመረ ተብሎ የቤቱ ዋጋ 40 በመቶ አይጨምርም። ሲሚንቶ ከወጪው 10 በመቶ ከሆነ፣ ጭማሪው 4 በመቶ ነው። ሁለተኛ ጣሪያ፣ ማለትም ቢበዛ ከዚህ አያልፍም የሚል ወሰን። ሦስተኛው በጣም የሚረሳው ነው። ጭማሪው የሚመለከተው ያልከፈሉትን ብቻ መሆን አለበት። 70 በመቶውን አስቀድመው ከከፈሉ፣ በዚያ ገንዘብ ዕቃ በቀድሞው ዋጋ መግዛት ይችሉ ነበር። ማስተካከያው በቀሪው 30 በመቶ ላይ ይሁን። መዘግየቱ የሻጩ ከሆነ ደግሞ፣ ከማስረከቢያው ቀን በኋላ የመጣ ጭማሪ የእርስዎ ዕዳ አይደለም።

ከዚሁ ጋር «ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ» የሚለውንም ይመልከቱ። ትርጉሙ አስቀድሞ የማይገመትና ሥራውን ፈጽሞ የማይቻል የሚያደርግ ነገር ነው። ጎርፍ፣ ጦርነት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ። ሥራው ውድ መሆኑ ብቻውን ከአቅም በላይ አያሰኘውም። በአንዳንድ ረቂቆች ግን «የዕቃ እጥረት» እና «የዋጋ ንረት» በዝርዝሩ ውስጥ ተሰክተው አይቻለሁ። እነሱ እዚያ ካሉ የመዘግየት ካሳ የሚለው አንቀጽ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ስለ ብድሩ አጠር አድርጌ ልንገርዎት። ሞርጌጅ ማለት ቤቱ ራሱ መያዣ የሆነበት ብድር ነው። 1,000,000 ቢበደሩ፣ ወለዱ በዓመት 12 በመቶ፣ ዘመኑ 20 ዓመት ቢሆን፣ የወር ክፍያው 11,011 ገደማ ነው። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 10,000ው ወለድ ነው። ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 1,011 ብቻ ነው። በ20 ዓመት በድምሩ 2,642,600 ገደማ ይከፍላሉ። ስለዚህ ባንኩን ሁለት ነገር ይጠይቁ። ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመጀመሪያው ብድር ላይ? በመጀመሪያው ላይ ከሆነ ፍላት ይባላል፣ ያው 12 በመቶ ድምሩን 3,400,000 ያደርሰዋል። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ባገኘሁ ጊዜ አስቀድሜ ብከፍል ቅጣት አለው? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚጨምሩት ክፍያ በቀጥታ ዋናውን ስለሚቀንስ ከፍተኛ ወለድ ያድንልዎታል።

እርስዎ ያልጠቀሱት፣ እኔ ግን የምጨነቅበት አንድ ሐረግ አለ፦ «ከዕዳና ከእገዳ ነፃ»። ረቂቁ ውስጥ ከሌለ ያስገቡት። ብዙ አልሚ ሕንፃውን የሚሠራው እሱም ተበድሮ ነው። መያዣው ደግሞ ያው እርስዎ ቤት የሚገዙበት መሬትና ሕንፃ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ሙሉ ዋጋውን ከፍለው፣ አልሚው ዕዳውን ባይከፍል፣ ባንኩ የሚመጣው ወደ ሕንፃው ነው። ይህን ከሻጩ አፍ አይስሙ። ንብረት የሚመዘገብበት ቢሮ ሄደው፣ ወይም ጠበቃ ልከው፣ መያዣ እንዳለበት ያስጣሩ። መያዣ ቢኖር እንኳ ነገሩ አላለቀም። የእርስዎ ክፍያ ሲጠናቀቅ የእርስዎ ቤት ከመያዣው እንደሚለቀቅ የባንኩን የጽሑፍ ቃል ማግኘት ይቻላል። ያለዚያ ወረቀት ግን ቀብድም ቢሆን አይስጡ።

የቀረው ርክክቡ ነው። ጊዜያዊ ርክክብ ሥራው በመሠረቱ አልቆ ቤቱ ለመኖሪያ ሲደርስ የሚደረግ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጉድለት ተጠያቂነት ጊዜ ይቆጠራል። ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚወጣ ስንጥቅ፣ የሚያፈስ ቧንቧ፣ የሚላቀቅ ሴራሚክ በሠሪው ወጪ ይጠገናል። ሲያልቅ የመጨረሻ ርክክብ ይደረጋል። በአሠሪና በሥራ ተቋራጭ መካከል በዚህ ጊዜ ከክፍያው 5 ወይም 10 በመቶ ተይዞ ይቆያል፣ ሪቴንሽን ይባላል። ተቋራጩ ስልክ የሚያነሳው ያ ገንዘብ ስላለው ነው። በገዢና በሻጭ ውል ውስጥ ግን ይህ ብዙ ጊዜ የለም። ገዢው ቁልፍ ሲቀበል ሁሉንም ከፍሎ ጨርሷል። እርስዎ ይደራደሩ። 5 በመቶውን ከመጨረሻ ርክክብ በኋላ እከፍላለሁ ይበሉ። ሙሉውን ባይቀበሉዎት 2 በመቶውም ቢሆን ይጠቅማል።

በጊዜያዊ ርክክቡ ቀን ብቻዎን አይሂዱ። ባለሙያ ቢያገኙ ጥሩ፣ ካላገኙ ታጋሽ ሰው ይዘው ይሂዱ። ግማሽ ቀን ይመድቡ። ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ የስልክ ቻርጀርና አንድ ሳንቲም ይያዙ። ቻርጀሩን በየሶኬቱ ይሰኩት። በሳንቲሙ ሴራሚኩን አንድ በአንድ መታ መታ ያድርጉ፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሥሩ አልሞላም። የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ፍሳሹን ደፍነው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይሙሉበት። በማግስቱ ከሥር ያለው ቤት ኮርኒስ ካልረጠበ መልካም ነው። ይህ 24 ሰዓት ስለሚወስድ ከርክክቡ ቀን በፊት እንዲደረግ ይጠይቁ። ቀጭን የልስን ስንጥቅ አያስደንግጥዎት። በኮለን ወይም በቢም ላይ ሰያፍ የሄደ ስንጥቅ ካዩ ግን ኢንጂነር ሳያየው አይረከቡ።

ያገኙትን ሁሉ በጽሑፍ ያድርጉት። እያንዳንዱ ጉድለት፣ ያለበት ክፍል፣ የሚጠገንበት ቀን ይጻፍ። ሁለታችሁም ፈርሙበት። አንድ ቅጂ በእጅዎ ሳይገባ የርክክብ ፎርሙ ላይ አይፈርሙ።

የረቂቁን የስፋት አንቀጽና የስፔስፊኬሽን አባሪውን፣ ስምና አድራሻ ሸፍነው፣ እዚሁ ቢያስቀምጡልኝ መስመር በመስመር አየዋለሁ።